ለሸጊት የሚሆን ጎማ

ጥቅምት 3 ቀን 1948 ዓ.ም.፣ ጎንደር

ክረምቱ ወጣ፤ የቆላው መንገድ ደረቀ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ዛሬ ጠዋት አስጠርተውኝ «ዛሪማ ላይ የምገዛውን ሰሊጥና ጥጥ እስከ ገና ድረስ ሁሉንም አንተ ታወጣልኛለህ፤ ካልቻልክ ለአሥመራ ካሚዮኖች እሰጣለሁ» አሉኝ። ካልቻልክ! ሊማሊሞን ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ ስወጣ ስወርድ የኖርኩትን ሰውዬ። «ሸጊት ካለች ምን ችግር አለ እመቤቴ» ብዬ ወጣሁ።

ሸጊት ፒክ አፕ ማኪናዬ ናት። ከጦርነቱ የተረፈች አሮጊት ናት፤ ግን ከኋላዋ ባለ ሁለት እግር ተሳቢ ጭነት ሙሉ እየጎተተች ዳገት ትወጣለች። እኔም፣ ሚስቴ ትርንጎም፣ ይህም ቤት በእሷ ነው የቆምነው።

ችግሯ አንድ ነው፤ ጎማ። አሁን ያሏት ስድስት መቶ በአሥራ ስድስት የሚባሉት ናቸው፤ ስድስት መቶው የጎማው ውፍረት፣ አሥራ ስድስቱ የቸርኬው፣ የመሃሉ ብረት፣ ከዳር እስከ ዳር ልክ መሆኑ ነው። ተሳቢው ጭነት ሲይዝ ይቀጥኑባታል መሰለኝ ወደ ግራ ትስባለች። ባለፈው ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ያለውን ድልድይ ስንሻገር የግራው ፓራፋንጎ፣ የጎማው ክዳን፣ ግንቡን ፋቀው። ከዚያ በፊትም ደባርቅ ላይ የአንድ ሰው አጥር። ድልድዩ አልጠበበም። እኔም መንዳት አልረሳሁም። ጎማው ነው።

ጥቅምት 6

ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ሰጠኝ የሚባለው ጎሚስታ ዘንድ ሄድኩ። ጎማ መለጠፍ የጀመረው በጣልያን ጊዜ ነው፤ ስሙም ከዚያ ቀረበት። ሥራውን ያውቃል፤ ምላሱ ግን አያርፍም።

ከፍ ያለ ጎማ ብጠይቀው «ለሚጎትት ማኪና ቁመት ምን ያደርጋል?» አለኝ። «የጎኑ ጥንካሬ ነው ዋናው። ስድስት ሃምሳ ልስጥህ፤ ንብርብሩ ወፍራም የሆነውን። ቸርኬህ ላይ ልክ ይገባል፤ ሞተርህንም አያደክም።»

«እኔ የምፈልገው ሰባት ሃምሳ ነው።»

«ምነው አያ አለነ! እሱ እኮ የወታደር ካሚዮን ጎማ ነው።»

«ከፍ ይላላ። ከፍ ካልኩ መንገዱን አሻግሬ አያለሁ።»

ሳቀ። «ሊማሊሞ ዛሬ ነው የጠፋብህ?» አለኝ። ከዚያ አሮጌዎቹን ጎማዎች እያገላበጠ በእጁ ዳሰሳቸው። የተቦጫጨቀው የግራዎቹ ጎን ብቻ ነው፤ የቀኞቹ ደህና ናቸው። ቀና ብሎ ዐይኔን ዐይኔን አየኝ። ያ አስተያየቱ ከሳቁ የበለጠ አናደደኝ። ሰባት ሃምሳ ሁለት ብቻ ስለነበረው ለኋላ አስገጥሜ መጣሁ።

ጥቅምት 9

ዛሬም ጉበት። ማክሰኞ ጉበት ነበር፣ እሑድም ጉበት። ትርንጎን «ይህ ፍየል ሌላ ሥጋ አልፈጠረበትም?» አልኳት። «ለጉልበት ሸጋ ነው፤ ብላ» አለችኝ። በቅጡ እንኳ ሳይበስል ነው የምታቀርበው። በላሁ። ከሴት ጋር በምግብ መጨቃጨቅ የማልወደው ነገር ነው።

ጥቅምት 15፣ ደባርቅ

አደርን። የኋላው ከፍ የፊቱ ዝቅ ብሎ ሸጊት እንደሚያሸት ውሻ አፍንጫዋን መሬት ደፍታ ነው የምትሄደው። መብራቷም የሚያበራው የገዛ እግሯን ነው፤ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ወዲያ ምንም አይታይም። ለዚህ ነው በጊዜ ደባርቅ የገባነው።

የተሳቢው መንጠቆም አብሮ ከፍ አለ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅራቱ ሄዶ ጅራቱ ይወዛወዛል። ሰጠኝ ይህን ነግሮኝ ነበር? ሳይነግረኝ አይቀርም። እልኸኛ መሆኔን አውቃለሁ፤ እናቴም ትለኝ ነበር።

ውድነህ ደግሞ ወሬኛ ሆኗል። የትርንጎ ታናሽ ወንድም ነው፤ አጠገቤ እየተቀመጠ ዳገት ላይ ስንቆም ወርዶ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባልኝ እሱ ነው። ድሮ ከጎንደር ዛሪማ ድረስ አንድ ቃል የማይወጣው ሰው ነበር። አሁን አፉ አይዘጋም። «አህያ ከፊት በግራ፣ አያ አለነ። ድንጋይ በቀኝ። ሰውዬ እየተሻገረ ነው።» «ምነው፣ እኔ ዐይን የለኝም?» ስለው «እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ነው» አለኝ። በጠዋት ምን እንቅልፍ አለ?

ጥቅምት 18

ቅዳሜ ገበያ። ከጨው ተራው ጀርባ ቆሜ ሁለት ሰዎች ስለ እኔ ሲያወሩ ሰማሁ። «አለነ ኮርቷል። እጄን ዘርግቼለት እንደ እንጨት አልፎኝ ሄደ።» ሌላው «ማኪና ያለው ሰው ምን ያድርግ» አለ። ሰላምታ የነሳሁት ሰው የለም። ሰው ሐሳብ ይዞት ሊሄድ አይችልም? እጁን የዘረጋውም ከጎን በኩል ነው እንጂ ፊት ለፊት አይደለም። ደግሞ ይህን ምክንያት ለማን ልናገር እቆማለሁ።

ጥቅምት 22

ሰጠኝ ሌላ ሁለት ሰባት ሃምሳ አገኘልኝ። አራቱም እኩል ሆኑ። ተሳቢውንም ዝቅ ያለ መንጠቆ አስበየድኩለት። «እንግዲህ በራስህ ፈረድክ» አለኝ ሰጠኝ ቦሎኑን እያጠበቀ። «ጎማው አንዴ ሲዞር ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ሞተሩ ግን ያው የድሮው ነው። ዳገት ላይ ትቆምብሃለች። ቁልቁለት ላይም ፍሬኑ ይዘገያል። ከፓራፋንጎው ውጭ የወጣውንም ተመልከተው።»

በል እንግዲህ አልኩት። ከፍ ብዬ ስቀመጥ ደስ አለኝ። ጎንደር ከላይ ሲያዩዋት ሌላ ከተማ ናት።

ጥቅምት 29

ዛሪማ ደርሰን ተመለስን። ምንም አልነካሁም! ድልድዩን እንደ ሙሽራ አለፍነው። ጎማው ነበር ያልኩት ይኸው። ለሰጠኝ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ውድነህ እስኪደክመው ሲያወራ ነበር። «ግራህን ጠብቅ። አሁን ጠምዝዝ። ትንሽ ቆይ። አሁን።» ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆንኩ።

ግን ሊማሊሞ ላይ በየጠመዝማዛው ቆመችብኝ። አንደኛ ማርሽም አልበቃትም። ውድነህ በቆመች ቁጥር ታኮውን ይዞ ይዘላል፣ ጎማው ሥር ይከታል፣ እጁን ያነሣልኛል፣ እነሣለሁ፤ እሱ ታኮውን ይዞ እየሮጠ ይደርስብናል። ጎንደር ስንገባ በሩን ተደግፎ ነው ከማኪናዋ የወረደው። ሚስቱ ልጅ ታቅፋ ቤታቸው ደጅ ቆማ ስትጠብቀው አየሁና ሰላም ሳልላት ነዳሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ኅዳር 7

ዳባት። የአንዲት ሴት እንስራ ጎማው ሥር ገባ። መንገድ ዳር አስቀምጣው ነበር አሉ። እንስራ መንገድ ዳር ይቀመጣል? ውድነህ ለጥቂት ጊዜ ዝም ባለበት ነው። ሴትዮዋ «አላየኸኝም እንዴ?» እያለች ጮኸችብኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። እግሯ ከእንስራው አጠገብ ነበር። አጠገቡ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ማኅበር ጠጥቼ ስወጣ ምሽቱ ዐይን ያዝ አድርጎ ነበር። ከበሩ ይልቅ ግድግዳው ጋ ደረስኩ። ሰው ሁሉ ጠላው ነው ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የጠጣሁት ግን አንድ ዋንጫ ነው።

አባቴ ትዝ አሉኝ። ዜማ ያስተምሩ ነበር፤ በስተመጨረሻ በትር ይዘው፣ የሰው እጅ ይዘው ነበር ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት። የእሳቸው ሌላ ነው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን በጧፍ ብርሃን ብራና ሲያነቡ ነው ዐይናቸው ያለቀው። እኔ ብራና አላነብም። ይህን ማስታወሻ እንኳ ስጽፍ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይታየኛል። ፋኖሱን ጠጋ ካደረግሁት ምንም ችግር የለብኝም።

ኅዳር 17

ዛሬ የሆነውን እስካሁን ማመን አቃተኝ።

ጾመ ነቢያት ከገባ ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከቅዳሴ መልስ ምሳ ስቀመጥ ትርንጎ ጉበት አቀረበችልኝ። በጾም! ዕድሜዋን ሙሉ ማንኪያዋን እንኳ ከፍስክ ማንኪያ ለይታ የምታስቀምጥ ሴት። አብዳለች ብዬ ደነገጥኩ። «ብላ ግድ የለም፤ አባ ፈቅደዋል» አለች አንገቷን ደፍታ።

ሳልቀምሰው ተነሥቼ ወደ ንስሐ አባታችን፣ ወደ አባ ወልደኢየሱስ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«አባቴ፣ እኔ የትኛው በሽተኛ ነኝና ነው ጾም የፈቱልኝ?»

«ትርንጎ መጥታ እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች» አሉኝ። «ዳፍንት ይዞታል፤ ፀሐይ ካዘቀዘቀች አያይም፤ በቀንም ከጎኑ ያለው አይታየውም፤ ጉበት እያበላሁት ነው፤ ጾሙ ሊገባብኝ ነው አለችኝ። ዳፍንት ሕመም ነው ልጄ። በሕመምተኛ ጾም አይጸናም። ለአባትህም እንዲሁ ፈትቼላቸው ነበር።»

ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ደህና አነጋገር አልነበረም። መስቀላቸውንም ሳልሳለም ተመለስኩ።

ቤት ስደርስ ጮኽኩባት። የሰው መሳቂያ አደረግሽኝ፣ ይህ ወሬ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጆሮ ከደረሰ ማን ጭነት ይሰጠኛል፣ ሸጊት ደጅ ላይ ዝጋ ስታበቃ ጉበትሽን እየበላን እንኖራለን አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬያት አላውቅም። እሷ ግን አልጮኸችም።

«አባትህን ከቤተ ክርስቲያን እጃቸውን ይዤ የማመጣቸው እኔ አልነበርኩም?» አለች። «መጀመሪያ ሲጀምራቸው እግራቸውን እንዴት ከፍ አድርገው ያነሡ እንደነበር አውቃለሁ፤ ድንጋይ በሌለበት ድንጋይ እንደሚሻገር ሰው። አንተም ከባለፈው ክረምት ጀምረህ እንደዚያ ነው የምትራመደው፣ አለነ። ወንድሜን አብሮህ እንዲቀመጥና መንገዱን እንዲነግርህ የለመንኩትም እኔ ነኝ። አሁን ከፈለግህ ምታኝ።»

ወጣሁ። በሩ ጋ ዱካ፣ ያ አጭሩ መቀመጫ፣ ነበረና ተደነቃቀፍኩ። ማን ነው ዱካ እዚያ የሚያስቀምጠው?

ኅዳር 18

ዱካው ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም፣ ዘወትርም እዚያው ነው የሚቀመጠው። ጠየቅሁ።

ጉበቱን አልበላም። አልታመምኩም። ቢመሽብኝ ነው እንጂ በቀን አያለሁ። ከእንግዲህ ከቀትር በኋላ ዳገት አልነሣም፤ በቃ። ገና እስኪደርስ ነው። ከገና ወዲያ ጠበልም ቢሆን እገባለሁ።

ኅዳር 26

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ሰው ላኩብኝ። ሰሊጡ ዛሪማ ውጭ ተከምሯል፣ ምስጥ ሊገባበት ነው፣ ምን ሆነህ ነው የዘገየኸው ይላሉ። ምን ልበል? ጎማ ነው አልኩ። ሰጠኝም «ስድስት ሃምሳው አሁንም አለ፤ ይህን ግዙፍ አውልቀህ ጣልልኝ» አለኝ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ እንደምትቆምብኝ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ግን ዝቅ ብዬ ልቀመጥ? መንገዱ ጭራሽ ሊጠፋብኝ? ከዚህ ጉዞ መልስ አልኩት።

ውድነህ ዛሬ መጥቶ እህቱን አዋራትና ተመልሶ ሄደ። እኔ ስገባ ወሬ ቀየሩ። ወደ በሩ ስሸኘው «ሰኞ እንነሣ?» አለኝ። ቅር እንዳለው ፊቱ ላይ ያስታውቃል፤ ግን እምቢ አላለም። እምቢ ቢለኝ ኖሮ።

ታኅሣሥ 3

ሊማሊሞ። ውድነህ። አምላኬ ሆይ። መጻፍ አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 4፣ ጎንደር

ትርንጎ ሆስፒታል ከወንድሟ ጋር ናት። ቤቱ ባዶ ነው። ልጻፈው።

ዛሪማ ላይ ጫኞቹ ዘገዩ። ቀትር አለፈ። «እዚሁ እንደር» ማለት ነበረብኝ። ሰሊጡ ተጭኗል፣ ወይዘሮዋ ይጠብቃሉ፣ ውድነህም «አንተ ካልክ እንሂድ» አለ። ፀሐይ ገና ነበረች። ግማሹን ወጣን። ያ ሰፊው ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ሸጊት አቃሰተችና ቆመች። ጎማው ከብዷታል፤ እንደተባለው ነው የሆነው። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረገጥኩ። ውድነህ ታኮውን ይዞ ዘለለ።

ጠበቅሁ። እጁን ሲያነሣልኝ ነው የምነሣው። ከወዲያ በኩል ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ ነፋስ ነበር። ሞተሩም ይጮኻል። ጨርሷል ብዬ ፍሬኑን ለቀቅሁ። ወደ ኋላ አንዴ ተንከባለለች፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ጩኸቱን ሰማሁ።

ታኮው ገና አልገባም ነበር። የግራው የፊት ጎማ እግሩ ላይ ወጥቶበት ነበር።

ከአሥመራ የሚመጣ ካሚዮን ደረሰልን። አቅፌው ጎንደር ድረስ መጣን፤ ሸጊትን እዚያው በድንጋይ አስደግፈን ተውናት። መንገዱን ሁሉ «ትርንጎ እንዳትደነግጥ» ይል ነበር። ሐኪሞቹ ዛሬ ጠዋት ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት።

ስድስት ሃምሳውን ገጥሜ ቢሆን ኖሮ አትቆምም ነበር። ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ባይወጣ ኖሮ እግሩን አያገኘውም ነበር። ሰጠኝ ነግሮኛል። ይህን ሌሊቱን ሁሉ ለራሴ ስነግረው አደርኩ።

ታኅሣሥ 7

ፖሊስ ወደ ሆስፒታሉ መጥቶ የውድነህን ቃል ተቀበለ። እኔ ከአልጋው ግርጌ ቆሜ ነበር። ውድነህ «የሹፌሩ ጥፋት አይደለም» አለ። «ጎማው ሰፊ ነው፤ ልኳ አይደለም። ዳገቱን አልችል ብላ ቆመች፣ እኔም ሳልጠነቀቅ ሥሩ ገባሁ።» ፖሊሱ ጻፈ። ወደ እኔ ዞሮ «እንዲህ ነው?» አለኝ።

እንዲህ ነው አልኩ።

ሚስቱ ልጃቸውን እንዳዘለች ጥግ ላይ ቆማ ትሰማለች። ውድነህ አራሽ ነው፤ የሚቀጥለውን ክረምት በምን እግሩ ሞፈር ሊከተል ነው? ቀና ብላ ስታየኝ ፊቴን አዞርኩ።

ታኅሣሥ 11

ዛሬ ከውድነህ ጋር ለብቻችን ሆንን። ትርንጎ ሾርባ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ጣሪያውን እያየ፣

«አያ አለነ፣ እጄን እያውለበለብኩልህ ነበር» አለኝ። «ቆይ፣ ቆይ እያልኩ። ከመስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። በመስኮቱ እጄን ዘርግቼ ልነካህ እችል ነበር። ፊትህን አየሁት፤ ወደ ፊት ቀጥ ብለህ ነበር የምታየው። ያን ጊዜ ነው እንደማታየኝ የገባኝ። ልሸሽ ስል እግሬ አልወጣልኝም።»

እጁን ያዝኩና አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰው እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቅሁ አለቀስኩ።

«ለፖሊሱ ለምን እንዲያ አልክ?» አልኩት።

«ታስረህ እህቴን ማን ያበላታል? ግን ሌላ ሰው አጠገብህ አታስቀምጥ፣ አያ አለነ። ሌላው እንደ እኔ ዝም አይልልህም። ወይም ደግሞ ገደል ነው።»

ታኅሣሥ 13

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ራሳቸው መጡ። እንኳን ነፍሱን አተረፈላችሁ አሉ፤ ከዚያ «ጎማው ነው አሉኝ። ደግ ነው፤ ጎማ ይቀየራል። የቀረውን ሰሊጥ መቼ ታወጣልኛለህ?» አሉ። ከተማው ሁሉ ጎማው ነው ይላል። እኔን አይቶ ክፉ የሚናገር አንድ ሰው የለም። አንድ ሰው ቢሰድበኝ ምናለ።

እንደገና ልነዳ እችላለሁ ማለት ነው። ማንም አይከለክለኝም። ይህን ሳስበው ብርድ ብርድ አለኝ።

ትርንጎ ዛሬ እኔን ሳይሆን የሸጊትን ቁልፍ ነበር የምታየው።

ታኅሣሥ 14

ሰጠኝ አንድ ሹፌር ልኮ ሸጊትን ከሊማሊሞ አስመጥቷት ነበር። ጠዋት በደህናው ብርሃን በእግሬ ሄድኩ። አራቱንም ሰባት ሃምሳዎች አውልቆ ግድግዳው ላይ አስደግፏቸዋል፤ ሸጊት በእንጨት ጉቶ ላይ ቆማለች። የአንዱ ጎማ ጎን ከደሙ ታጥቧል። አላየሁትም ብል ደስ ባለኝ፤ ፊት ለፊቴ ስለነበር አየሁት።

ሰጠኝ እንደ ሌላው ጊዜ አልቀለደም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

«እንግዲህ ስንት ቁጥር ልግጠምላት?» አለኝ። «ስድስት ሃምሳውን ነው አይደል?»

«የሚነዳትን ሰው ጠይቀው» አልኩት።

«ማን ነው የሚነዳት?»

«እንጃ። የሚገዛት ሰው።»

ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶታል፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ ያን የግራ ጎማ ከዳሰሰበት ጊዜ ጀምሮ ገብቶታል። ግን ከእኔ አፍ ይጠብቅ ነበር። ለፖሊሱ ያላልኩትን፣ ለአባ ያላልኩትን፣ ለሚስቴ ያላልኩትን ለጎሚስታ ልናገረው ሆነ።

«ሰጠኝ፣ ጎማው አልነበረም» አልኩት። «ዐይኔ ነው። አላይም።»

ጨርቁን ጣለና እጄን ያዘኝ።

«እግዜር ይማርህ፣ አያ አለነ» አለኝ።

አሜን አልኩት።